የአዲሱ ሞዴል ስለት

የእህቴ ባል የቡና ነጋዴ ነበር። ገንዘብ አላጣም፤ ማስተዋል ነው ያጣው። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ አሰበ ተፈሪ ውስጥ መኪና ያላቸው በጣት ይቆጠሩ ነበርና እሱም ካልገዛሁ ሞቼ እገኛለሁ አለ።

ድሬዳዋ መኪና ሻጩ ዘንድ ሲሄድ እኔና እህቴም አብረን ሄድን። አንድ ደህና መኪና ቆማለች። ሻጩ «ዛሬውኑ ይዘዋት መግባት ይችላሉ» አለው። ጌታው ግን አፍንጫውን ነፋ። «ይቺ የአምናው ሞዴል አይደለችም እንዴ? ጊዜ ያለፈበትን እኔ አልነዳም!» ልዩነቱ ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ የኋላ መብራቷ ነው አሉን። መብራት! ለሱ ሲባል አዲሱ ሞዴል ከባሕር ማዶ ታዘዘ። በመርከብ ጅቡቲ፣ ከዚያ በባቡር ድሬዳዋ እስክትደርስ መንፈቅ ጠበቅን። ይህን ሁሉ ጊዜ ሻጩ የሰጠውን የመኪናዋን ሥዕል ኮት ኪሱ ከቶ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ያሳይ ነበር።

መጠበቁ ሲያስጨንቀው ተሳለ። «በሰላም ከገባችልኝ መጀመሪያ የምትሄደው ለጥር ሥላሴ አሰቦት ገዳም ነው፤ ከዚያ በፊት ማንም አይሳፈርባትም» አለ። ስለት ደግ ነገር ነው፤ እኔም እሳላለሁ። የሱ ስለት ግን ለንግሥ ለሚወጣው ሕዝብ እንጂ ለሥላሴ አልነበረም። ኅዳር ላይ የሻጩ ሾፌር ከድሬዳዋ ነድቶ አመጣት። «ይሄስ መንገድ አይቆጠርም?» ብዬ ብጠይቀው «ርክክብ ነው፣ አይቆጠርም» አለኝ። ግቢ ውስጥ ሸራ አልብሶ አቆማት፤ ዶሮ እንዳይወጣባትም ዘበኛ ቆመላት።

እህቴ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። ታኅሣሥ ውስጥ ምጥ ያዛትና ነገሩ ጠና። የክሊኒኩ ድሬሰር አያት። «ከኔ አቅም በላይ ነው። አሁኑኑ ድሬዳዋ ሆስፒታል ውሰዷት፤ ከዘገያችሁ ልጁን ታጡታላችሁ» አለ።

ሮጬ ሸራውን ገፈፍኩት። እሱ መልሶ አለበሳት። አዎ፣ መልሶ አለበሳት! «ስለቴስ?» አለኝ። የነፍስ አባታቸው ተጠርተው መጡ። «ልጄ፣ የስለቱን ነገር ለእኔ ተወው። ነፍስ ይበልጣል፤ አስነሣት» አሉት። ይኼኔ ተቁለጨለጨና እውነቱ አመለጠው።

«አባቴ፣ ወንበሯ እኮ ገና አዲስ ነው። በደም ቢበላሽስ?»

እሳቸው መስቀላቸውን እንደያዙ አማተቡ። እኔ ግን በማማተብ አላበቃሁም፤ ያልኩትን እዚህ መጻፍ ነውር ስለሆነ ይቅር።

ጫት ጭኖ ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ የጭነት መኪና መንገድ ላይ ቆመን ለመንን። ሾፌሩ ሙስሊም ጎረቤታችን ነበር። እህቴን ሲያያት «ያ ረቢ!» አለና ጋቢና የተቀመጡትን አስወርዶ እሷንና እኔን አስገባን። «አብሽሪ እህቴ፣ አብሽሪ» እያለ ነዳ። ምን ያድርግ፣ ጭነቱ ከባድ ነው፤ ሂርና ዳገት ላይ መኪናው እየተንፏቀቀ ነው የወጣው። እህቴ እጄን ነክሳ ነበር የያዘችው። ሆስፒታል ስንደርስ መሽቷል። እሷ ተረፈች። ልጁ፣ ወንድ ነበር፣ አልተረፈም።

ስንመለስም ያመጣን ያው ሾፌር ነው። ወሬው ቀድሞን ኖሮ ከተማው መግቢያ ላይ ባሏ አዲሷን መኪና አጥቦ፣ ወልውሎ፣ አቁሞ ይጠብቀናል። የጥር ሥላሴ ገና ነው! ስለቱ የት ገባ? ሰው እያየ ነዋ፣ ምን ስለት አለ! መንገደኛው ሁሉ እስኪያየው ቆየና የኋላውን በር ከፈተ።

«ነይ ግቢ። እንኳን ማርያም ማረችሽ» አላት። ለወላድ የሚባለውን፣ ባዶ እጇን ለመጣችው።

እህቴ ከጋቢናው መስኮት ቁልቁል አየችው። ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞረች።

«ወንድሜ፣ ከገበያው ማዶ እናቴ ቤት ድረስ ታደርሰኛለህ?»

«እንዴታ!» አለና ማርሽ አስገባ።

ያ ከንቱ በአዲሱ ሞዴል ተከተለን፤ ጡሩምባውን እየነፋ፣ አቧራችንን እየጠጣ፣ እናቴ ደጅ ድረስ መጣ። እናቴ እህቴን ደግፋ አስገባቻትና በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው።