ከድንኳኑ የተቀነሱት ለቀስተኞች

የአቃቂ በሰቃ ጎረቤቶቼ፣ እዚህ ስዊድን አገር የእድሬ ሰዎች ያለ ጥፋታቸው ከለቅሶ ቤት ተባረው ነበር። ማን እንዳባረራቸውና በመጨረሻ ምን መልስ እንደተሰጠኝ ነው የምጽፍላችሁ።

የወጣሁበትን ማታ ታስታውሳላችሁ። ሠፈራችን ለልማት ሊፈርስ በየግድግዳው ምልክት ተቀብቶ፣ ግማሻችሁ ወደ ገላን ኮንዶሚኒየም ዕቃ ስትጭኑ፣ እኔ የልጅ ልጄ ሜሮን ጠርታኝ ወደ አውሮፕላን ሄድኩ። ጎረቤቴ ዘሀራ ንጥር ቅቤ በፌስታል ጠቅልላ "ፈታሾቹ ቢወስዱብሽ እርም ይሁንባቸው" ብላኝ ነበር። ወሰዱታ!

እዚህ ዳቦው ይጣፍጣል፤ ስኳር ገብቶበት ነው። ፀሐይዋ ታበራለች እንጂ አትሞቅም። ጎረቤት ሲሞት የሚቀበረው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ያውም ካልተጠራችሁ አትሄዱም። ይህን ሳይ የባለቤቴ ለቅሶ ትዝ እያለኝ ለሜሮን ሳወራላት ከረምኩ። ሥራዋ የቪዲዮ ጌም መሥራት ነው፤ ሰምታ ሰምታ የለቅሶውን ድንኳን ጌሟ ውስጥ አስገባችው። ኮምፒውተሯ ላይ ሳየው በእድሬ ሰዎች ጢም ብሎ ሞልቷል። ዘሀራም ሻርፗን ተከናንባ ጥግ ይዛለች።

በኋላ ግን ሶፋ ላይ ተቀምጠን፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር በምትሰካው ኮንሶል በሚሏት ሳጥን ስታሳየኝ፣ ጥቂት ሰውና ባዶ አግዳሚ!

"ሰዎቼስ?"

"እማማ፣ ሳጥኗ አቅም የላትም። ሰው ሲበዛባት ትንተባተባለች። አለቃዬ ኮምፒውተሩም ላይ ይቀነስ ብሏል።"

"አቅም ያለውም?"

"ሁለት ዓይነት ጌም አንሠራም አለ።"

ነጠላዬን ደርቤ ቢሯቸው ሄድኩ። አለቃዋ ኤሪክ ለጋ ወጣት ነው፤ ሜሮን አስተረጎመችልን።

"ለቅሶ ሊደርስ የመጣን ሰው ማባረር ከማን ተማርክ?"

"ኮምፒውተር ያለው ሙሉ ድንኳን፣ ሳጥን ያለው ባዶ ድንኳን ቢያይ ፍትሕ ነው?" አለኝ።

ያዘኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስለ እኩልነት ስሟገት ነው የኖርኩት። ቢሆንም ዝም አላልኩም።

"ይኼማ የሠፈራችን አፍራሾች እኩልነት ነው፤ እነሱም የሁሉንም ቤት እኩል ነው ያፈረሱት!"

ሜሮን ሳቋ አፈናት። "ምን አሉ?" ይላታል። "አይተረጎምም" አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"እማማ፣ በአያቴ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ነበር የተቀመጠው?"

"እንዴት ይችላል? የሠፈራችን ፋብሪካ ሰው ከሺፍት ወጥቶ ሲመጣ፣ የቀደመው 'እግዜር ያጽናሽ' ብሎኝ ቦታ ይለቅለታል። ድንኳን በተራ ነው የሚሞላ።"

ተያዩ። በራሳቸው ቋንቋ ብዙ ተነጋገሩ። ደግሞ ማንን ሊቀንሱ ነው ብዬ እየተብሰለሰልኩ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ትናንት ዘሀራ ከገላን ደወለች። እድራችን እንደ ሠፈሩ ተበትኗል፤ በኮንዶሚኒየሙ ደረጃ የሚያልፉትን ሰዎች ስማቸውን እንኳ አታውቅም።

"እኔ ብሞት ድንኳኔን ማን ይሞላዋል?" አለችኝ።

ስለ ጌሙ ነግሬያት ነበርና ወደ እሱ ዞረች።

"እሺ፣ እዚያ ጌሙ ውስጥስ አለሁ ወይስ አስወጡኝ?"

እኔም አላውቅም፤ ስልኩን ከሥራ ለገባችው ለሜሮን አቀበልኳት። ኤሪክ የወሰነው ገና ትናንቱኑ ኖሯል። ሜሮን ጫማዋን ሳታወልቅ እንዲህ ስትል ሰማሁ፦

"እትዬ ዘሀራ፣ ጥቂት ጥቂት እየሆናችሁ በተራ ትገባላችሁ። በኮምፒውተሩም በሳጥኗም አንድ ነው፤ ማንም አልቀረም። እርስዎ ከፋብሪካው ሰዎች ቀጥሎ ነዎት።"