አበባ ለማየት የከፈትኩት ክስ

የመሥሪያ ቤቱን ስም አልናገርም። እዚያ ያልተዘጋ ጉዳይ አለኝ፤ ደግሞም እንዲዘጋብኝ አልፈልግም።

ነገሩ የጀመረው ጡረታ በወጣሁበት ዓመት ነው። አሶሳ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ አማርኛ አስተምሬ ስወጣ ለራሴ አንድ ነገር ብቻ ቃል ገባሁ፤ ሚያዝያ ሲመጣ ጸጥ ያለ ቦታ ተቀምጬ አበባ አያለሁ። ያን ሁሉ ዓመት አበባው ከክፍሉ መስኮት ውጭ ፈክቶ ይረግፋል፤ እኔ አቀርቅሬ በቀይ እስክሪብቶ የሰው ልጅ ስህተት ላይ አሰምራለሁ። አሁን ተራዬ ነው አልኩ።

ቤቴ ውስጥ ጸጥታ የለም። በግራዬ ብየዳ ቤት አለ፣ ፊት ለፊቴ የባጃጅ መቆሚያ፣ በቀኜ ደግሞ የጎረቤቴ ማንጎ። ማንጎ ምን ድምፅ አለው የሚለኝ ሰው በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ኖሮ አያውቅም። በሰፈራ ከወሎ ስንመጣ እኔ ኮረዳ ነበርኩ፤ ያኔ አሶሳ ከጸጥታ በቀር ምንም አልነበራትም፣ እኛም ጸጥታው አስጨንቆን እናለቅስ ነበር። አሁን ትልቅ ከተማ ሆናለች። ሁሉ ነገር ሞልቷል፤ ያ ያስለቀሰን ነገር ብቻ ጠፋ።

መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ሞከርኩ። ከጽዱ ዛፍ አጠገብ ቢጫ አበባ አለ። ተቀምጬ አምስት ደቂቃ ሳይሞላኝ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሁለት ሴቶች መጥተው ግራና ቀኜ ተቀመጡና «አይዞሽ፣ ማን ነው የሞተብሽ?» አሉኝ። ማንም አልሞተብኝም ብል አላመኑኝም። አንደኛዋ እጄን ይዛ ማልቀስ ጀመረች። ምን ላድርግ፣ አብሬያት አለቀስኩ።

ቀጥሎ የአንድ ሆቴል አትክልት ቦታ ሄድኩ። ቅዳሜ መሆኑን ረስቼዋለሁ። ሻዬን አዝዤ ከቦገንቪሊያው ሥር ገና ከመቀመጤ ሦስት ሙሽሮች ተከታትለው ገቡ። ፎቶ አንሺው «እማማ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፤ እንደዚያ፤ ፈገግ ይበሉ» አለኝ። የሙሽራው አክስት መስዬው ይመስለኛል። በማላውቀው ሰው የሠርግ አልበም ውስጥ ፊቴን አኩርፌ፣ ሻይ ይዤ እስከ ዛሬ አለሁ።

የፈለግኩትን አበባ ያየሁት ከዚያ ስመለስ ነው። ስሙን በማልናገረው መሥሪያ ቤት አጥር ላይ አሻግሬ ሳይ ግቢው መሐል አንድ የድሬዳዋ ዛፍ ቆሟል፤ ቅጠሉ እስኪጠፋ ድረስ በቀይ አበባ ተሸፍኗል። ሥሩ አግዳሚ ወንበር አለ። በወንበሩ ላይ ማንም የለም። ልቤ ዘለለች፤ ቀጥ ብዬ ወደ በሩ ሄድኩ።

«ጉዳይዎ ምንድን ነው፣ እማማ?» አለኝ ዘበኛው።

በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ እማማ መባሌን ለጊዜው ተውኩት። «ዛፉን ለማየት ነው።»

«ሊያስቆርጡት ነው?»

«ኧረ ዝም ብዬ ለማየት።»

ከራስ እስከ እግሬ ተመለከተኝ። «ዝም ብሎ ማየት የሚባል ክፍል እኛ ጋ የለም። የአረንጓዴ ልማት ከሆነ ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። እዚህ መዝገብ ቤትና አቤቱታ ሰሚ ብቻ ነው ያለው። ጉዳይ ከሌለዎት አላስገባም።»

ይኸው ነው። ጉዳይ ያለው ሰው ቀኑን ሙሉ እዚያ ወንበር ላይ ቢውል የሚነካው የለም፤ ጉዳይ የሌለው አበባውን በአጥር ቀዳዳ ያያል። ተናድጄ ቤቴ ገባሁና ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ። ጉዳይ ከተፈለገ ጉዳይ እፈጥራለሁ! ግን በማን ላይ? በምን? ይህን ሳስብ ቆርቆሮዬ ላይ ጓ! የሚል ድምፅ ተሰማ። ማንጎ ነበር።

የማመልከቻ አጻጻፍ ያስተማርኩ ሰው መሆኔን አትርሱ። አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። «ከጎረቤቴ ግቢ ተሻግሮ በላዬ ላይ በተንሰራፋ የማንጎ ዛፍ የተነሳ ሕይወቴ በስጋት ላይ ወድቋል» አልኩ። «በእርጅና ዘመኔ ከሰማይ የሚወርድብኝን መዓት ተመልክታችሁ» አልኩ። ማንጎው ከቆርቆሮው በቀር እኔን ነክቶኝ አያውቅም፤ ከሚወድቀውም ግማሹን የምበላው እኔ ነኝ። ግን ጽሑፉን ደግሜ ሳነበው እንባዬ መጣ፤ እንዲህ ያለ ማመልከቻ የጻፈ ተማሪ ኖሮኝ አያውቅም።

ሰኞ ጠዋት ወስጄ ሰጠሁ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ተቀበለችኝና ቀና ሳትል «ነገ ይመለሱ» አለች።

«እግዜር ይስጥልኝ!» አልኳት ከልቤ። ደንግጣ ቀና አለች።

ከዚያ በኋላ ያሳለፍኳቸው ሁለት ሳምንታት የሕይወቴ ምርጥ ቀናት ናቸው። ጠዋት ጠዋት ለባብሼ እመጣለሁ፤ ዘበኛው «ጉዳይዎ?» ይላል፤ «አቤቱታ» እላለሁ፤ እገባለሁ። ነገ ይመለሱ እባላለሁ። ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ። አበባው ቀስ እያለ ትከሻዬ ላይ ይወርዳል። አጠገቤ የሚቀመጠው ባለጉዳይ ጥርሱን ያፋጫል፣ ፋይሉ ጠፍቶበታል፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። «ለእርስዎስ ምን አሉዎት?» ሲለኝ «ነገ ነው ያሉኝ» እላለሁ፣ ደስታዬን ለመደበቅ ወደ ላይ እያየሁ። ታጋሽ ሴት መሆኔ በግቢው ታወቀ።

በሦስተኛው ሳምንት ጎረቤቴ የታጠፈ ወረቀት ይዛ ቤቴ መጣች።

ጎረቤቴ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጆቿን ያሳደገችው ያንን ማንጎ እየሸጠች ነው። አማርኛዋ ሴትና ወንድ አይለይም፤ እኔን ከተዋወቅን ጀምሮ «አንተ» ነው የምትለኝ። በዚህ ከተማ አማርኛውን ያላረምኩት ሰው እሷ ብቻ ናት። ፊደል ስላልቆጠረች ከክሊኒክም ሆነ ከትምህርት ቤት የሚመጣላትን ወረቀት ሁሉ የማነብላት እኔ ነኝ።

«መምህር፣ ይሄ ወረቀት ቀበሌ አመጣ። አንተ አንብብልኝ።»

መጥሪያ ነበር። የራሴ አረፍተ ነገሮች ከነጌጣቸው ተገልብጠውበታል። ስለ ክትባት ነው ልላት አፌ ድረስ መጣ። ግን ዓይኗን ሳይ አልቻልኩም፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። «ከሰማይ የሚወርድብኝን መዓት» የሚለው ላይ ስደርስ አቋረጠችኝ።

«መዓት ምንድነው?»

«ማንጎው ነው።»

«ከሳሽ ማነው?»

«እኔ።»

«አንተ?»

ሁሉንም ነገርኳት፤ ዘበኛውን፣ ወንበሩን፣ አበባውን። መሬት መሬት እያየች ሰማችኝ። ከዚያ «አበባው ግን፣ ወላሂ ያምራል?» አለችኝ።

«ያምራል።»

«እንዲህ ከሆነ እኔም ይመጣል። እኔም ተከሳሽ ነው፣ መብት አለው።»

በቀጠሯችን ቀን አብረን ሄድን። በዛፉ ሥር ተቀመጥን። ዘበኛው ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ተጠጋግተው አይቀመጡም ብሎ ወደ ወንበሩ ዳርና ዳር አራቀን። እሱ ዞር ሲል ጎረቤቴ የክሱን ዋና ማስረጃ ከዘንቢሏ አወጣች፤ በቢላ እየላጠች አጎረሰችኝ። ቀይ አበባ ራሷ ላይ ወድቆ ነበር፤ አላነሳሁላትም፤ ያምርባት ነበርና። ነገ ተመለሱ እየተባልን ሰባት ቀን እንዲህ አሳለፍን።

በስምንተኛው ቀን ውሳኔ መጣ። አንድ ኮሚቴ እኛ አበባ ስናይ ሰፈራችን መጥቶ ቅርንጫፉን ለክቶ ሄዷል። ጎረቤቴ እንደ ልማዷ ወረቀቱን ይዛ መጣች፤ አነበብኩላት። «የአመልካቿ ሕይወት በስጋት ላይ በመሆኑ ዛፉ በአሥር ቀን ውስጥ ከሥሩ እንዲቆረጥ።»

ያንን ማንጎ ባሏ በተጋቡ ሰሞን ችግኙን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ከመንጌ ወረዳ በእጁ ተሸክሞ ነው ያመጣው። ይህን መቶ ጊዜ ነግራኛለች። አሁን ግን ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች፣ በአራት አጠፈችው፣ «እሺ» አለችና ሄደች። በማግሥቱ ጠዋት እንደ ወትሮዋ ማንጎ አልላከችልኝም። አፈርኩ፤ እውነቱን ለመናገር ፈራሁም። ያን ሁሉ ዓመት የኖርነውን ጉርብትና በገዛ አማርኛዬ ላስቆርጠው ነው። ምሳዬን ሳልበላ ተነስቼ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ።

ኃላፊው የድሮ ተማሪዬ ሆኖ ተገኘ። ሳየው ልመለስ ቃጣኝ፤ ምክንያቱም የዋሸ ተማሪ ከክፍል ፊት ቆሞ «ዋሽቻለሁ» ሳይል ከእኔ ክፍል ወደ ቦታው አይመለስም ነበር።

«ቲቸር! ይቀመጡ። ማመልከቻዎን ለሠራተኞቹ ሁሉ አንብቤላቸዋለሁ፤ አማርኛ ማለት ይኼ ነው ብዬ። ውሳኔው ደረሰዎት?»

«ውሳኔውን አንሳልኝ።»

«ለምን? ዛቱብዎት?»

«ማንም አልዛተብኝም።»

«ሽማግሌ ላኩብዎት?»

አልተቀመጥኩም። ጠረጴዛው ፊት ለፊት እንደቆምኩ «ዋሽቻለሁ» አልኩት። «ማንጎው ምንም አላደረገኝም። ግቢያችሁ ገብቼ አበባ ማየት ፈልጌ ነው።»

እንባ ይሁን ሳቅ ያልለየ ነገር ፊቱ ላይ አለፈ። «የትኛውን አበባ?»

«ከመስኮትህ ውጭ ያለውን።»

«እኔ መስኮት የለኝም፣ ቲቸር።»

«አለህ። ከፋይል መደርደሪያው ጀርባ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከውጭ አይቼዋለሁ።»

ትንሽ አመነታና ተነሳ። መደርደሪያውን በአንድ ወገን እሱ፣ በሌላ ወገን እኔ ይዘን ገፋነው። አቧራው አስነጠሰን። መስኮቱን ሲከፍተው ክፍሉ በአንዴ ቀላ፤ ቅርንጫፉ ከነአበባው አፍንጫው ሥር ነበር። ኃላፊው እዚያ ክፍል ከተቀመጠ ስንት ዓመት እንደሆነው እንጃ፣ ቆሞ አየ። አንድ ባለጉዳይ በሩን ሲያንኳኳ «ነገ!» አለው ዞር ሳይል።

ከዚያ ተቀመጠና ፋይሌን ሳበ። «ብዘጋው ዘበኛው አያስገባዎትም» አለ። ጻፈ፣ ማኅተም መታ፣ ሰጠኝ። ስወጣ ወደ መስኮቱ ተመልሶ ነበር።

በቀጥታ ጎረቤቴ ቤት ሄድኩ። ማንጎው ሥር ተቀምጣ የወደቀውን ትለቅማለች። ቀና ብላ አላየችኝም። ወረቀቱን ዘርግቼ ቆሜ አነበብኩላት። «ጉዳዩ ተጨማሪ ማጣራት የሚያስፈልገው ሆኖ ስለተገኘ ለሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ ተቀጥሯል። እስከዚያው ዛፉን ማንም እንዳይነካ። ከሳሽና ተከሳሽ በቀጠሮው ቀን ግቢው ውስጥ ባለው ወንበር ላይ በአንድነት ይቅረቡ።»

የለቀመችውን ማንጎ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «አይቆረጥም?»

«አይቆረጥም።»

«እኔ ግን አሁንም ተከሳሽ ነው?»

«ነሽ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለችና ቢላዋን ፈለገች።