ድምቀቱ በቦታው ነው

ወንድሜ ጽሑፍ ያሳምራል። ከዚህ ሌላ ሙያ የለውም ብል ሚስቱ ትቀየመኛለች። እሷም ብትሆን ግን "እስቲ ሌላ ሙያውን ንገሪን" ብትባል እስከ ማታ ታስባለች እንጂ መልስ አታገኝም።

ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ደብተሩን ከሩቅ ላየው የትልቅ መሐንዲስ ይመስላል፤ ርዕሱ በቀይ፣ ከርዕሱ ሥር ድርብ መስመር፣ ዳርና ዳሩ በማስመሪያ የተሰመረ። ውስጡ ያለው መልስ ግን አንዱም ልክ አይደለም። አስተማሪው ዜሮ መስጠት ይከብደውና "ጽሕፈትህ ንጹሕ ነው" ብሎ ይጽፍለታል። እሱ ውጤቱን ትቶ ይቺን ይዞ ወደ እናታችን ይሮጣል። እናታችን ፊደል አልቆጠረችም። ለተማሪ ቤቶች ሹራብ እየሠራች ነው ሁለታችንን ያሳደገችን። መርፌዋን አስቀምጣ ደብተሩን በመዳፏ ትዳብሰውና "እሰይ የኔ አንበሳ!" ትለዋለች። እኔ ሁሉንም በትክክል ሠርቼ እመጣለሁ፣ ጽሕፈቴ ግን የዶሮ ጭረት ስለሆነ የሚዳብሰው የለም። ይሄን የምለው ቀንቼ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ቀንቼ ነው።

አድጎ የልብስ ማጠቢያና የማቀዝቀዣ መለዋወጫ የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀጠረ። አንድ ቀን ለቤቴ ማጠቢያ ቀበቶ ልገዛ ሄጄ መደርደሪያዎቹን አየሁ። እያንዳንዱ መሳቢያ ላይ ስም ለጥፏል፤ ፊደሉ እኩል፣ ጠርዙ እኩል፣ ዓይን ይይዛል። "ቀበቶ" የሚለውን ስስብ ውስጡ የውሃ ቱቦ ነው። "ቱቦ" የሚለውን ስስብ ባዶ ነው። ስሙን ሲያሳምር ውሎ ዕቃውን መደርደር ደክሞታል። ቀበቶውን ሌላ ሱቅ ገዛሁ።

ይሄ ሰው እንዲሁ ኖሮ እንዲሁ ጡረታ ይወጣ ነበር፤ ድርጅቱ ለቤት ዕቃ ጠጋኞች ኢንተርኔት ላይ መወያያ ገጽ ባይከፍት ኖሮ። እዚያ ገጽ ላይ የሚጻፈው በተራ ፊደል ነው፤ የሚያሳምረው ምልክት ነው። አንድን ቃል ከፊትና ከኋላው ሁለት ሁለት ኮከብ ካቆምንለት ደምቆ ይወጣል። መስመሩን በመሰላል ከጀመርን፣ ያው ስልክ ላይ ሂሳብ ስንሞላ መጨረሻ የምንነካውን መሰላል፣ ርዕስ ይሆንና ይገዝፋል። ጭረት ካስቀደምን ዝርዝር ይሆናል። በአንቀጽና በአንቀጽ መካከል ባዶ መስመር ካልተውን ሁሉም ተያይዞ አንድ ክምር ይሆናል። አለቀ፣ ይኸው ነው። እኔ አውቶቡስ መናኸሪያ ቲኬት የምቆርጥ ሰው በአንድ የሻይ ዕረፍት ተምሬዋለሁ።

ወንድሜ ግን የተሸሸገ ጥበብ ያገኘ መሰለው። ሌላው ሰው ስለ ሞተርና ስለ ሽቦ ሲጽፍ እሱ ስለ ኮከብና ስለ መሰላል መከረ። ሲመክር፣ ሲመክር፣ ድርጅቱ ሰለቸውና የገጹ አስተዳዳሪ አደረገው። ሹመት ያዳብር! በማግስቱ የአጻጻፍ ደንብ አወጣ። ከዚያ በኋላ ማንም የጻፈውን እሱ አይቶ ካላጸደቀው አይወጣም። ለአስተዳዳሪው በግል መልእክት መላክም ተከለከለ፤ ሁሉም በወረፋው ነው።

አንድ ጠጋኝ "ማጠቢያው እየጨሰ ነው ምን ላድርግ ወንድሞች" ብሎ ጻፈ። "ርዕስ የለውም" ተብሎ ተመለሰለት። ሰውዬው መሰላሏን ፈልጎ እስኪያገኝ ማጠቢያው ከሰለ። በኋላ የከሰለውን ማጠቢያ ታሪክ በርዕስና በዝርዝር አሳምሮ ላከው፤ ወዲያው ጸደቀ። ጠጋኞቹ "ጋሽ ኮከብ" ብለው ስም አወጡለት። እሱ ሙገሳ መሰለውና ለእናታችን ነገራት። እናታችን ደስ አላት፤ ለሱ ሲሆን ምን ደስ የማይላት ነገር አለ?

ሚስቱ የልብስ ፋብሪካ ተቆጣጣሪ ናት፣ ትዕግሥት የተረፋት ሴት። "ስንጣላ እንኳ አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ ነው የሚጣላኝ፤ ሦስተኛ ሲል እኔ እንቅልፍ ወስዶኛል" ትላለች።

የአባላቱ ቁጥር እንዲበዛለት ቤተ ዘመዱን በሙሉ ገጹ ላይ አስመዘገበ። እኔን፣ የሚስቱን እህቶች፣ በመጨረሻም እናታችንን። ከሹራብ መርፌ በቀር ስለ ሌላ መሣሪያ የምታውቀው ነገር የሌላትን አሮጊት የማቀዝቀዣ ጠጋኝ አደረጋት! ስሟን ለመጻፍ ሰንፎ "አዲስ አባል" የሚለውን እንዳለ ተወው። ያን ቀን እኔም ስቄ ነበር።

እንግዲህ እናታችን ልቧን ታመመች። ሆስፒታል ገብታ ቀዶ ሕክምናው ለሌላ ሳምንት ተቀጥሮላት ሳለ፣ አንድ ጠዋት ሐኪሙ መጥቶ የልብ ምቷን አዳመጠና ወደ ኮሪደር ጠራኝ።

"እህቴ፣ ልንጠብቅ አንችልም። ዛሬ ከሰዓት እናስገባታለን" አለኝ። "ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ልብሽን አጠንክሪ። ማየት የምትፈልገው ሰው ካለ አሁን ይምጣ።"

ተመልሼ ለእናቴ የመጨረሻውን ትቼ የመጀመሪያውን ነገርኳት። እሷ ግን ሞኝ አይደለችም። ሻርፗን አስተካከለችና "ልጄን ጥሪልኝ" አለችኝ።

ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ፣ አጭር መልእክትም ላኩ። ዕረፍት ወጥቶ ቤት ነው ያለው፤ የገጹን ወረፋ ሲያይ ደግሞ ስልኩን ድምፅ አጥፍቶ በፊቱ ይደፋዋል፣ ጆሮውንም በማዳመጫ ይደፍናል። ሚስቱ ጋ ደወልኩ፣ ዝግ ነው። ፋብሪካው በር ላይ ስልካቸውን ይሰበስባል፣ ማታ ሲወጡ ነው የሚሰጣቸው። ቤቱ ከተማው ሌላ ጫፍ ነው፤ እናቴን ጥያት ልሂድ ብል ደርሼ ስመለስ ገብታ ባገኛትስ? ከወንበሬ ተነሥቼ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

"ያ ሲጽፍበት የሚውለው ነገር አለ አይደል? እኔን ያስገባኝ?" አለች እናቴ። "እዚያ ላይ ጻፊለት። እሱን ሳያይ አይውልም።"

እውነቷን ነው። የሷን መግቢያ ከፈትኩና "በይ ንገሪኝ" አልኳት። ዓይኗን ጨፍና ነገረችኝ፣ እኔም እንደ ወረደ ጻፍኩት። "ልጄ እንደምን አለህ እኔ ደህና ነኝ ሐኪሞቹ ዛሬ ከሰዓት ሊከፍቱኝ ነው እህትህ አጠገቤ ናት አታስብ ከመግባቴ በፊት ግን ባይህ ደስ ይለኛል የምነግርህ ነገር የለኝም ብቻ ልይህ መንገድ ስትሻገር ቀስ በል ምሳህን በልተህ ና።"

ላኩት። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ። እናቴ ከትራሷ ቀና አለች።

መልሱ እንዲህ ይላል፦ "ክቡር አባል፣ ርዕስ የለም። አንቀጽ የለም። ዋናው ሐሳብ አልደመቀም። ደንቡን አንብበው፣ አስተካክለው ይላኩ።"

ስልኩን ግድግዳው ላይ ልፈጠፍጠው ምንም አልቀረኝም።

"ምን አለ?" አለች እናቴ።

"ጽሑፉ አላማረም አለ" አልኳት፣ ጥርሴን ነክሼ።

"ታዲያ ልክ ነዋ! እሱ እንዲህ ያለውን ያውቃል። አንቺ ደግሞ ስትጽፊ ከልጅነትሽም ትሞነጫጭሪያለሽ። አሳምረሽ ጻፊለት፣ አፈር ስሆን።"

በእንዲህ ያለ ሰዓት አንጀት የሚበላ ነገር ስትናገር ምን ይባላል? አሳመርኩለት። መሰላል አስቀድሜ "የእናት ጥሪ" ብዬ ርዕስ ሰጠሁት። ባዶ መስመር ተውኩ። "ዛሬ ከሰዓት እከፈታለሁ" የሚለውን፣ "እህትህ አጠገቤ ናት" የሚለውን፣ "መንገድ ስትሻገር ቀስ በል" የሚለውን በጭረት በጭረት ደረደርኩ።

"አንዱን ማድመቅ አለብን" አልኳት።

"ማድመቅ ምንድን ነው?"

"ከሌላው ወፍሮ እንዲታይ፣ ዓይኑ መጀመሪያ እዚያ ላይ እንዲያርፍ።"

እኔ "ዛሬ" የምትል መስሎኝ ነበር። ጣራ ጣራውን እያየች አሰበችና "ምሳህን በልተህ ና የሚለውን አወፍሪልኝ" አለች። "ሲቸኩል ሳይበላ ነው የሚወጣው።" ግራና ቀኙን ኮከቡን አቆምኩለትና ላኩት።

በዚህኛው ጊዜ ወዲያው ጸደቀ። ጸደቀ ብቻ አይደለም፣ ሁሉም እንዲያየው ገጹ አናት ላይ ሰቀለው! ከሥሩም ወንድሜ በእጁ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "ናሙና ጽሑፍ። በጣም ያምራል። ርዕሱ አጭር፣ ዝርዝሩ ንጹሕ፣ ድምቀቱ በቦታው ነው። ሌሎቻችሁም ከዚህ ተማሩ።"

ድንቄም አስተዳዳሪ! በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው። እናቱ እየጠራችው እሱ ጭረቷን ያደንቃል።

ጠጋኞቹ ግን አነበቡት። ሞተር ሲፈቱ የሚውሉ፣ ደንቡ ላይ የሚስቁ ሰዎች "እግዜር ይማርሽ እናታችን" ብለው ጻፉላት። አንዱ የማቀዝቀዣ ሠራተኛ "ልጅየው ይሄን አይቶ ካልሄደ ድንጋይ ነው" አለ። ወንድሜ ምን ብሎ ቢመልስለት ጥሩ ነው? "ከርዕሰ ጉዳዩ አትውጡ። እዚህ የምንወያየው ስለ አጻጻፉ ነው።" ከዚያ ውይይቱን ዘጋው። እኔ "አንተ ደንቆሮ፣ እናትህ ናት" ብዬ ጽፌ ብልክ ገጹ አልቀበል አለኝ።

ወዲያው ነርሷ አልጋውን ልትገፋ መጣች። ቢያንስ እስከ ቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ልሸኛት ብዬ የእናቴን እጅ ይዤ አብሬ ሄድኩ።

"ምን አለ?" አለችኝ፣ እየተገፋች።

የሚያምረውን ብቻ መርጬ አነበብኩላት። "በጣም ያምራል አለ። ሌሎችም ከዚህ ተማሩ አለ።"

"ስለ እኔ ነው?"

"ስለ አንቺ ነው እማዬ።"

"ወደደው?"

"ወደደው።"

ፊቷ በራ። እግዚአብሔር ያያል፣ ታማ ከተኛች ጀምሮ እንደዚያ ሆና አላየኋትም። "እሱ እኮ ዝም ብሎ ነገር አይወድም" አለች ለነርሷ፣ እንደ መኩራራት ብላ። በሩ ተከፈተና አስገቧት።

ሐኪሙ ሲወጣ መሸት ብሏል። ገና ጭምብሉን ሳያወልቅ ነገሩ ገብቶኛል። "የምንችለውን አድርገናል" አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁትም።

ወንድሜ የመጣው እኔ ብቻዬን አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሳለ ነው። ሚስቱ ከፋብሪካ ወጥታ ስልኳን ስትከፍት ጥሪዬን አይታ ደውላልኝ፣ ቤት ደርሳ ነግራው፣ በነጠላ ጫማ እየሮጠ ነው የደረሰው። ፊቴን አየና ቆመ። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። አለቀሰ። እኔ የማለቅሰውን ጨርሼ ስለነበር ተቀምጬ አየሁት።

ቆይቶ ቀና አለና በእኔ ላይ ተቆጣ። "እትዬ፣ ሰው እንዴት አንድ መልእክት ይሳነዋል? እንዴት አትነግሩኝም?"

ስልኬን ከፍቼ ሰጠሁት።

"ይሄን አይቼዋለሁ እኮ" አለ፣ ግራ ገብቶት። "ናሙና አድርጌ የሰቀልኩት ነው።"

"ማየቱንማ አይተኸዋል። አሁን አንብበው።"

አነበበው። ዓይኑ በመስመሩ ላይ ቀስ ብሎ ሲሄድ አየሁ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ። ከታች ሲደርስ አቆመ። ከዚያ ወደ ላይ ተመልሶ እንደገና ጀመረ። ለዚያች ሰዓት ብዬ ቀኑን ሙሉ ያጠራቀምኩት ስድብ ነበረኝ፣ አፌ ድረስ መጥቷል።

"ስትገባ ምን አለች?" አለኝ።

"ወደደው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።"

"ምን አልሻት?"

"ወደደው አልኳት" አልኩት። "ምን ልበላት ታዲያ? አላነበበውም ልበላት?"