አሜን የተባለለት ልመና

አያ ድረስ ሉማሜ አካባቢ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ነጭ ጋቢ ለብሰው የሚመጡ መራቂ ናቸው። ኑሯቸው ጤፍና ስንዴ ማረስ ነው፤ ግን ድምፃቸው ያስገመግማል፣ ሽበታቸውም ለካሜራ ያምራል። ስለ ችግኝ ይሁን፣ ስለ ግብር ይሁን፣ ስለ ሰላም ይሁን፣ መጀመሪያ አያ ድረስ ተነሥተው መዳፋቸውን ይዘረጋሉ፤ ሕዝቡ አሜን ይላል፤ ይቀመጣሉ። በቃ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ያላቸው አንድ ሰው የለም።

ባለፈው ግንቦት ልጃቸው ይታያል ከገበያ ሲመለስ ተያዘ። ለምን እንደተያዘ የነገራቸው የለም፤ ፍርድ ቤትም አልቀረበም። ሦስት ወር በየቢሮው ተንከራተቱ። አንዱ ጋ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ ሌላው ጋ «ማመልከቻው ቁጥር የለውም»። ሲገቡ ግን ሁሉም ከወንበሩ ብድግ ይልላቸዋል! ብድግ ማለት ምን ያደርግላቸዋል?

ነሐሴ ላይ ከበላይ ትልቅ እንግዳ ይመጣሉ ተባለ። አያ ድረስ እንደ ልማዳቸው ተጠሩ።

«የልጅዎን ነገር ምርቃቱ መሃል ያስገቡት» ያልኋቸው እኔ ጎረቤታቸው ነኝ። «ማይኩ በእጅዎ ነው፤ ማን ያስቆምዎታል?»

በዕለቱ አዳራሹ ጢም ብሏል። የፊቱ ጠረጴዛ በታሸገ ውሃና በፕላስቲክ አበባ ተሸፍኗል። አያ ድረስ ተነሡ።

«ዓመቱን የሰላም ያድርግልን!»

«አሜን!»

«ዝናሙን የምሕረት ያድርግልን!»

«አሜን!»

«ልጄን ይታያልን ያለ ጥፋቱ ከታሰረበት ያውጣልኝ!»

«አሜን!» አለ አዳራሹ በሙሉ። እንግዳው አሜን አሉ። ልጁን ያሳሰረው የፖሊስ አዛዥ እንኳ ዓይኑን ጨፍኖ አሜን አለ። እኔም አፌ ቀደመኝ። ከዚያ አጨበጨብን። ከጎኔ ያለው ሰውዬ «ወይ ምርቃት!» አለ፤ የተባለውን ግን አልሰማም።

ውይይቱ ሲጀመር አያ ድረስ እጃቸውን አወጡ። መድረክ መሪው ጌቱ ፈገግ ብሎ ወረደና አጠገባቸው ቆመ።

«አባታችን፣ እርስዎማ ባረኩን። አሁን የሚናገሩት ስማቸው ቀድሞ የተያዘ ነው።»

«የልጄ ነገርኮ ልመና ነው፣ ጌቱ።»

«ታዲያ አሜን አልንልዎ አይደል?»

ሰው ሳቀ። ጌቱ ትከሻቸውን ስሞ አስቀመጣቸው። ቢገፈትራቸው እኮ ሰው ይጮህ ነበር! በትሕትና ለሚታፈን ሰው ግን ማን ይጮሃል?

መዝጊያው ላይ «አባታችን ይመርቁንና እንለያይ» ተባለ። አያ ድረስ ከመቀመጫቸው አልተነሡም።

«ልጄን ሳታዩልኝ ከዚህ አፍ ምርቃት አይወጣም።»

እንግዳው ሰዓታቸውን አዩ። ጌቱ ማይኩን ይዞ ወደ ኋላ ሄደና አያ ዘማርያም የሚባሉትን ሽማግሌ አስነሣ። እሳቸውም መረቁ፤ እኛም አሜን አልን። እንግዶቹ ወደ ምሳ ሄዱ።

እስከዚያች ቀን፣ አያ ድረስ ለይታያል ምግብ ሲወስዱ እስር ቤቱ በር ላይ ያለው ፖሊስ «ይምጡ አባባ» ብሎ ያስገባቸው ነበር። ለአምስት ደቂቃም ቢሆን ልጃቸውን በዓይናቸው ያዩት ነበር። ክብራቸው ያስገኘላቸው ይህችኑ ነበር፤ እኔ ግን በምክሬ እሷንም አስነጠቅኋቸው። በማግሥቱ ፖሊሱ ከተቀመጠበት አልተነሣም።

«ሰልፍ ይያዙ።»

ተራቸው ሲደርስ ምግቡን ተቀበላቸው። «ከእንግዲህ እስረኛ መጠየቅ በማመልከቻ ነው።»

«ድረስ ነኝ እኮ ልጄ።»

«ዐውቅዎታለሁ» አለና ቀጣዩን ጠራ።

ማመልከቻው ገብቷል፤ ቁጥርም ተሰጥቶታል። አያ ድረስ አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ሳህኑን አቀብለው በሩ ላይ ይቆማሉ። ባዶውን ሲመልሱላቸው ጣታቸውን በውስጡ ያሳልፋሉ። የሽሮው ርጥበት ካልደረቀ፣ አሁን የተበላ ነው፤ ይታያል ዛሬም በልቷል ብለው ይሄዳሉ።