አረፋ በማን ቤት

ከአረፋ አንድ ቀን ዘግይቼ በመመለሴ ቡታጅራ ካለው የብየዳ ቤት ተባረርኩ። ልመለስ በነበረበት ዕለት አባቴ ከሚኖርበት ከእንሴኖ የሚነሳው መኪና ሁሉ ሞልቶ ነበር። የብየዳ ቤቱ ባለቤት የአባቴ አጎት ልጅ ነው፤ ጋሼ እለዋለሁ። የብረት በርና መስኮት ስሠራለት ለዓመታት የከፈለኝ አብረውኝ ለሚበይዱት ከሚከፍለው ግማሹን ነው።

ሕጉን ከስልኬ ላይ አንብቤ ከሰስኩት። መጥሪያው ሲደርሰው ሳቀ።

«ጠበቃም ሆንክልኝ? በል፣ ስልክህ ይፍረድልህ።»

ችሎት ፊት ግን፣ «ሠራተኛዬ አይደለም፣ ያሳደግኩት የዘመዴ ልጅ ነው» አለ። ሠራተኛ ካልሆንኩ ክሱ ይወድቃል። የጽሑፍ ውል ስላልነበረኝ ምስክር አድርጌ የቆጠርኩት በልጅነቴ ለጋሼ ያስረከበኝን አባቴን ነበር።

አባቴ ቁርኣን ይዞ ማለ። ሲቆም ወደ እኔ አላየም።

«አባባ፣ ልጅዎን ሲሰጡት ምን አሉት?» አለች ዳኛዋ።

«ከዛሬ ጀምሮ ልጅህ ነው አልኩት።»

ጋሼ ራሱን በእርካታ ነቀነቀ። እኛ ዘንድ ልጁን ለሰው የሚያስረክብ ሁሉ እንዲህ ይላል። ይህን ላስረዳ እጄን አወጣሁ፤ ዳኛዋ ዝም በል አለችኝ።

«ታዲያ ሠራተኛው ነው ወይስ ልጁ?»

አባቴ ቆብ የደፋበትን ራሱን ዝቅ አደረገ። አማርኛው ሲቸግረው ቀስ ይላል፤ ያኔ ግን የቸገረው አማርኛው አልነበረም።

«በደንብ ይዞታል፣ አላህ ያውቃል። በየአረፋው ግን ወደ እኔ ይሰደዋል። በአረፋ ሰው ልጁን ወደ ሌላ ቤት አይሰድም።»

ሠራተኛ መሆኔ ተረጋገጠ። መባረሬ ሕገወጥ ተባለ፤ የጎደለው ደመወዜም እንዲከፈለኝ ተወሰነ።

ስንወጣ አባቴ ሮጦ ጋሼ ላይ ደረሰና እጁን በሁለት እጁ ያዘ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ወንድሜ። ስላስማሉኝ ነው።»

ጋሼ እጁን አልነጠቀውም። በአባቴ ትከሻ ላይ አሻግሮ ወደ እኔ እያየ፣ «ወዐለይኩሙ ሰላም። እንግዲህ ልጅህን ውሰድ» አለው።

እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ነበር።

አባቴ አሁንም በገበያ ቀን ቡታጅራ ይመጣል። መኪናው በብየዳ ቤቱ በር ስለሚያልፍ ጋሼ እንዳያየው ከዚያ በፊት ይወርድና ጆንያውን ተሸክሞ በጓሮ መንገድ ይዞራል። አንድ ቀን ከሩቅ አየሁት። ሸክሙን ልቀበለው ሁለት እርምጃ ሄጄ ቆምኩ። ተደብቆ ሲሄድ ማየቴን እንዲያውቅ አልፈለግኩም፤ ከአንድ ሱቅ ውስጥ ገብቼ እስኪያልፍ ጠበቅኩ።