መስመሩ ዝም ያለበት ሳምንት

ቶርቦርግ ስሌተን የቪክዳልን የስልክ ማዞሪያ ከእናቷ የተረከበችው በ1931 ነው። ያኔ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። ማዞሪያው የቆመው በምትኖርበት ቤት የፊት ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ነው። ቤቱ የስልክ ማኅበሩ ንብረት ነው፤ ማኅበሩ ደግሞ እኛው ነን፣ የመንደሩ ሰዎችና በዙሪያው ያሉት ገበሬዎች። ሥራውን የያዘ ቤቱን ይይዛል። ስለዚህ ለሃያ ሰባት ዓመት የበላችውም የተኛችውም ከማዞሪያው ሰሌዳ ሁለት እርምጃ ሳትርቅ ነው።

ሥራዋ ገመድ ከቀዳዳ ቀዳዳ መሰካት ብቻ አልነበረም። ሐኪሙ የትኛው እርሻ ላይ እንዳለ የምታውቀው እሷ ናት። በ1936 የበረዶው ማዕበል መንገዱን ሲዘጋ ሁለት ቀን ሳትተኛ በየቤቱ እየደወለች ማን ማገዶ እንዳለቀበት ትጠይቅ ነበር። አደጋ ሲመጣ አሥር ጊዜ አከታትላ ትደውላለች። ያን ጊዜ የሁሉም ቤት ስልክ አንድ ላይ ይጮኻል፤ ሁሉም ያነሳል። እሳት፣ የጠፋ ልጅ፣ አውሎ ነፋስ። ለሌላ ነገር አሥር ጊዜ ደውላ አታውቅም።

በቪክዳል ክፉ ነገር ፊት ለፊት አይነገርም። አያቶቻችን ከኖርዌይ ወደዚህ አገር ሲሰደዱ ይዘውት የመጡት ጨዋነት ነው ይባላል። እኔ ፈሪነት ነው እላለሁ። ወተቱ ላይ ውሃ የሚጨምር ገበሬ ቢገኝ “ዘንድሮ ላሞችህን ጥም ይዟቸዋል መሰለኝ” ተብሎ ይታለፋል። ነገሩ ከዚያ ከባሰ፣ ለምሳሌ ሰው ሲሞት፣ ሚስቶቻችን ኬክ ጋግረው ወደ ቤቱ ይሄዳሉ።

በ1958 ጥር የማኅበሩ ቦርድ ያለ አገናኝ በቀጥታ የሚደወልበት አውቶማቲክ ስልክ እንዲገባ ወሰነ። ሊቀመንበሩ የቅቤ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሴልመር ሃውግሩድ ነበር፤ ከቶርቦርግ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተማረ ሰው። ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። አባላቱ በየካቲቱ ዓመታዊ ስብሰባ ድምፅ እስኪሰጡ ድረስ ለእሷ እንዳይነገራት ተባለ። ለዚህም እጃችንን አወጣን።

ወሬው ግን በአንድ ቀን መንደሩን አዳረሰ። በስልክ እንዳይወራ መሃል ላይ ያለችው እሷ ናት። ሰው ሁሉ በረዶውን እየረገጠ ከቤት ቤት ይሄድ ጀመር። እንዳያመልጣቸው ፈርተው ስለ አየሩ እንኳን በስልክ ማውራት ተዉ። በአንድ ጠዋት መቶ ሰው የምታገናኝ ሴት አሥራ አንድ ብቻ አገናኘች። በዚያው ሳምንት ሦስት ኬክ መጣላት። ሚስጥሩን ልንደብቃት ብለን የነገርናት እኛው ነን፤ ይህን የሚያህል ሞኝነት ከእኛ በቀር ማን ይሠራል?

ሐሙስ ዕለት የብረታ ብረት ሱቄ ስልክ ጮኸ።

“ማን ሞቶ ነው፣ አርኔ?” አለችኝ።

“ኧረ ማንም አልሞተም።”

“ታዲያ ይሄ ሁሉ ኬክ የማን ነው?”

ደንበኛ መጣብኝ ብዬ ዘጋሁት። ሱቁ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።

ስብሰባው የሚደረገው በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ ከምሳ በኋላ ነው። ወንዶቹ እዚያ ይሰበሰባሉ፤ ሴቶቹ ሳህኑን አጥበው ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ቶርቦርግ አንድም ዓመት ተገኝታ አታውቅም፤ ሰሌዳውን ለማን ትታ? እኛም የተማመንነው በዚሁ ነበር። ሴልመር “እንግዲህ ድምፅ እንስጥ” ሲል የግድግዳው ስልክ ጮኸ። ቆጠርን። አሥር ጊዜ። ግማሹ ሰው ኮቱን አንስቶ ወደ በሩ አመራ። ሴልመር ስልኩን አነሳ። እኔ ትከሻው ሥር ስለነበርኩ እያንዳንዱ ቃል ተሰማኝ።

“ቶርቦርግ ነኝ” አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። “እሳት የለም። የሞተም የለም። የሚቀበር ካለ እኔ ነኝ፤ እስካሁን ግን እተነፍሳለሁ። ሃያ ሰባት ዓመት የሁላችሁ ጉድ በዚህ ጆሮዬ አልፏል። ከዚህ ክፍል የወጣች አንዲት ቃል የሰማ ካለ አሁን ይናገር።”

መስመሩ ላይ የብዙ ሰው ትንፋሽ ይሰማል።

“አውቶማቲኩ ይምጣ። መምጣቱን ጋዜጣ ላይ አንብቤያለሁ፤ ደንቆሮ አይደለሁም። የሚያቃጥለኝ በኬክ መሸኘቴ ነው። ሴልመር፣ አለህ?”

“አለሁ።”

“ከሥራ ወጥተሻል በለኝ። በራስህ አፍ።”

“ቶርቦርግ፣ ይሄ ጥሪ ለአደጋ ነው። ደንቡን ታውቂዋለሽ።”

“ደንቡን የጻፈችው እናቴ ናት። በለኝ።”

ሴልመር ወደ እኛ ዞረ። አንዳንዱ ጫማውን ያያል፤ አንዳንዱ ጣሪያውን። ያን ጊዜ ሌላ ሴት መስመሩ ላይ ገባች። ሚስቱ ክላሪስ ነበረች፤ ከቤቷ ሆና።

“ሴልመር፣ ቤቱስ? ቤቱን እሷ ትይዘዋለች አላልከኝም?”

ቤቱ እንደሚፈርስና የአዲሱ መሣሪያ ቤት እዚያው እንደሚሠራ ቦርዱ ካወቀ ወር ሆኖታል።

“እሱ ገና ይታያል” አለ ሴልመር፤ ስልኩንም ዘጋ።

ከዚያ ድምፅ ሰጠን። ከአርባ ሰባት ሰው አርባ አንዱ ደገፈ። እኔም ደገፍኩ። ቃለ ጉባኤው ላይ “በስብሰባው መካከል ስልክ ተደውሎ ነበር” ብዬ ጻፍኩ። ያን ዓረፍተ ነገር ዛሬም ሳነበው ደሜ ይፈላል።

በግንቦት መስመሩ ተቀየረ። የመጨረሻውን ገመድ እሷ እንድትነቅልና ለአውራጃው ጋዜጣ ፎቶ እንድትነሳ ጠየቋት። በዚያ ሰዓት ጓሮ ወጥታ አንሶላ አሰጣች። ገመዱን የነቀለው ሴልመር ነው፤ ፎቶው ላይም እየሳቀ ይታያል። በሰኔ ቤቱ ፈረሰ። መስኮት የሌለው የሲሚንቶ ቤት በቦታው ቆመ።

ሌላ ከተማ የምትሄድ መስሎን ነበር። ብትሄድ ይቀለን ነበር። እሷ ግን ከሱቄ በላይ ያለችውን ክፍል ተከራየች። ስልክ ላስገባልሽ ስላት፦

“አልፈልግም” አለችኝ። “የሚፈልገኝ ደረጃውን ይውጣና ፊቴን እያየ ይናገር። ከአንተ ይጀመር፣ አርኔ። እጅህን አውጥተሃል?”

“አውጥቻለሁ።”

“ሁለቱንም ጊዜ?”

“ሁለቱንም።”

“በል ውረድ” አለችኝ።

ደረጃው አሥራ ዘጠኝ እርከን ነው። ቄሱ ወጣ፤ ሐኪሙም ወጣ። ክላሪስ በየሳምንቱ እየወጣች ከእሷ ጋር ትጨቃጨቅ ነበር፤ ጭቅጭቃቸው እታች ድረስ ይሰማል። ሴልመር አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በደረጃው ሥር እያለፈ አልወጣም። መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆቡን ያነሳል። እሷ ዞራ አታየውም።

በ1969 ኅዳር፣ አንድ ቀን ማለዳ፣ ሴልመር ወደ ሱቄ መጣ። ፊቱን አልተላጨም። ክላሪስ ጎህ ሲቀድ አርፋለች። ቶርቦርግን ልጥራልህ ወይ አልኩት፤ አይሆንም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ከኋላው እኔ፣ ከፊት እሱ፣ በየሦስት እርከኑ እየቆመ ወጣ። በሩን ከፈተች። ግባ አላለችውም።

“ክላሪስ ዛሬ ጠዋት ሞተች” አላት።

ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ፊቱን ያየችው ያን ጊዜ ነው።

“አየህ” አለችው፣ “አፍህ ይሠራል።”

ከዚያ ኮቷን ከመስቀያው አውርዳ፣ ሁለታችንንም ገፋ አድርጋ በመሃላችን አለፈችና ክላሪስን ልታጥብ ወረደች።