ምሰሶውን ያቆመው ሰው

ባለፈው ቅዳሜ፣ ለንደን፣ ስትሪትሃም ውስጥ በምንከራያት የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የወረዳችን ተወላጆች ቀን ሲከበር፣ አንዲት እህት ካገር ቤት በልብስ ጠቅልላ በአውሮፕላን ያመጣችውን አዲስ ማሰሮ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ውሃ ሞልታ አበባ ሰካችበት። ውሃ ቀምሶ የማያውቅ ሸክላ ሲርስ የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ከበጋ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ መሬት ሲነካ እንደሚሸተው ዓይነት። ያ ሽታ የልጆቹን ቺፕስና የሴቶቹን ሽቶ አልፎ እስከ ኋላ ወንበር ድረስ መጣና ክንዴን ይዞ ወደ ልጅነቴ ወሰደኝ።

በዚያው ሰዓት ጋሽ ተፈራ፣ የማኅበራችን ሊቀ መንበር፣ እዚህ ለተወለዱት ልጆች አገራቸውን በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ እያሳዩ ነበር። ታሪክ፣ መልክዓ ምድር፣ ሕዝብ ብለው ከፋፍለውታል። መጀመሪያ ተራራችን ተዘቅዝቆ ወጣ፣ ልጆቹም እስኪበቃቸው ሳቁ። ተስተካክሎ ሲመጣ ስለ ብርዱ፣ ስለ እንሰቱ፣ ስለ ሁለቱ ወንዞቻችን ተናገሩ፤ አልከፋም። ቀጥሎ ትልቅ ክብ የሣር ቤት ታየ፤ «ይህ የአባቶቻችን ጥበብ ነው» አሉ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። ከዚያ ወደ ሕዝቡ መጡ፤ ገበሬው፣ ነጋዴው፣ አስተማሪው፣ ወንጌላዊው። ያንን ቤት ያቆሙትን፣ ያንን ማሰሮ የሠሩትን ሰዎች እስኪጠሩ ጠበቅሁ። የቀጠለው «እናመሰግናለን» የሚል ጽሑፍ ነበር። ቦርሳዬን አንስቼ፣ ወንበሩን ሆን ብዬ አስጩኼ ወጣሁ። አሁን «እህት ታደለች ምን ነካት? ደም ብዛቷ ተነሥቶባት ነው» ይላሉ አሉ። ደም ብዛትስ አለብኝ፤ ያስነሣውን ግን እኔ አውቃለሁ።

ወረዳችን ከላይ ገብስ፣ ከታች ቡና፣ መካከሉን እንሰት የለበሰ ዳገት ነው። ሰው ቤቱን የሚሠራው እንሰቱ መካከል ስለሆነ ከመንገድ ሲያዩት ጫካ እንጂ መንደር አይመስልም፤ ጭሱ በሰፋፊዎቹ ቅጠሎች መካከል ሲወጣ ነው ሰው መኖሩ የሚታወቀው። በክረምት ቀዩ ጭቃ ጫማ ይነጥቃል፤ አንድ እግር የላስቲክ ጫማዬን ዋጥ አድርጎ እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም። የጻፈ ስላልነበረ ታሪኩ በሰው አፍ ነው፤ ዘመን የሚቆጠረው ድልድዩን ጎርፍ የወሰደ ጊዜ፣ አንበጣ የመጣ ጊዜ፣ የእገሌ በሬ ዳኛውን የወጋ ጊዜ እየተባለ ነበር። እኔ ዳኛው በተወጋ በዓመቱ መወለዴን እናቴ ትምልልኝ ነበር፤ የእንግሊዝ መንግሥት ግን ይህን የልደት ቀን ብሎ ሊቀበለኝ አልቻለም።

አባቴ አዲሱን ቤት ሲሠራ ገና ፊደል መቁጠሬ ነበር። በእኛ አገር ቤት የሚቆመው በመካከለኛው ምሰሶ ነው፤ ምሰሶውን መርጦ፣ ቆርጦ፣ ጠርቦ የሚያቆመው ደግሞ ሎምባሞ የሚባል ሰው ነበር። እሱ እንጨት ይጠርባል፣ ሚስቱ ሸክላ ትሠራለች፤ ወገኖቹ ሁሉ ከወንዙ ማዶ፣ እንሰት እንኳ እንደ ልብ በማይበቅልበት መሬት ላይ ለብቻቸው ይኖሩ ስለነበር ሰው «ማዶዎቹ» ይላቸዋል። በዕድሜ አባቴን ይበልጠው ነበር፤ ግን ጋሼ የሚለው አልነበረም፤ እኛ ፍልፈል የምናህል ልጆች እንኳ «አንተ ሎምባሞ» እያልን ነበር የምንጠራው። ዝግባ ፍለጋ ጫካ ሲወርዱ ተከትያቸው አይቻለሁ። ግንዱን በመጥረቢያው ጀርባ መታ መታ ያደርጋል፣ ጆሮውን ይለጥፍበታል፣ ራሱን ነቅንቆ ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ አባቴ «ይኸኛውስ?» ባለ ቁጥር እንደማይረባ ተማሪ ያየዋል። ምሰሶው በሚቆምበት ዕለት የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ገመድ ይዞ ሲጎትት አዛዡ እሱ ብቻ ነው፤ ያንን ሁሉ ሰው የሚፈራውን አባቴን «ሳብ! አሁን ልቀቅ! እግርህን ሰብስብ!» እያለ ሲጮህበት እኛ አፋችንን በእጃችን ይዘን እንስቅ ነበር።

ሣሩ ተከድኖ ቤቱ ባለቀ ዕለት ክትፎና ቆጮ ተደገሰ። ሰው ሁሉ ገብቶ በአዲሱ ምሰሶ ዙሪያ ተቀምጦ ሲበላ ሎምባሞና ሚስቱ ድርሻቸው በእንሰት ቅጠል ተደርጎ ከአጥር ውጭ ተሰጣቸው፤ ቅጠሉም ከበሉበት በኋላ ወደ ገደል ተጣለ። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ እናቴ «ልማድ ነው» አለችኝ። ልማድ! ስንት ነውር ይህችን ቃል ተከናንቦ ኖሯል።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን በረዶ የጣለ ቀን ነው። ሎምባሞ ከገበያ ሲመለስ በረዶው ደጃችን ላይ ያዘውና ከሣር ክዳኑ ጠርዝ ስር ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። አባቴ ከበሩ ውስጥ ሆኖ ያጫውተው ጀመር፤ ስለ እህሉ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ አዲሷ ጥጃ። ሁለቱ ይዋደዱ ነበር፤ ይበልጥ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። የሚጠላው ሰው ቢሆን ምን ይባላል? ጥጃዋና እናቷ ከእኛ ጋር ቤት ውስጥ፣ ሙቀቱ ላይ ተኝተው ያመነዥጋሉ፤ ቤቱን ያቆመው ሰው ትከሻው በረዶ ለብሶ ከደጅ ይስቃል። «ግባ» የምትለው ሁለት ፊደል ካባቴ አፍ አልወጣችም። ወንጌል የገባው፣ ጠዋት ማታ የሚጸልይ ሰው ነው አባቴ። እሑድ እሑድ «በክርስቶስ አንድ ነን» ተብሎ ሲሰበክ «አሜን» የሚለው ድምፁ ከሁሉ ይጎላ ነበር፤ ማዶዎቹም ከኋላ፣ በሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠው «አሜን» ይላሉ።

የሎምባሞ ልጅ ዳንሴ አንድ ክፍል አብራኝ ትማር ነበር። ምንጭ ስንወርድ ሰው ሁሉ ቀድቶ እስኪጨርስ ራቅ ብላ ትጠብቃለች፤ አብሬሽ ልጠብቅ ስላት ትቆጣኛለች፣ በእሷ ምክንያት እንዳልገረፍ። ከእናቷ ጭቃ ቆንጥራ አንድ ቀንዳቸው ከሌላው የሚረዝም ትናንሽ በሬዎች ትሠራልኝ ነበር። እናቴ «የዚያችን ልጅ መጫወቻ ቤቴ እንዳታስገቢ» ትላለች፤ ጎመኗን የምትቀቅልበት ድስት፣ ውሃዋን የምታጠራቅምበት እንስራ የዳንሴ እናት እጅ ሥራ ሆኖ ሳለ! ድስቱ ይገባል፣ የሠራው እጅ ደጅ ይቀራል። እስቲ ይህ ለማን ይነገራል?

ዳንሴን ከብዙ ዘመን በኋላ እዚሁ ለንደን አገኘኋት። ክሮይደን ነው የምትኖረው፤ ነርስ ሆናለች፤ እንደ እኔው ባሏን ቀብራ አንድ ልጇን ሩትን ብቻዋን አሳድጋለች። የኔው ልጅ ናትናኤልና ሩት መዘምራን ውስጥ ተዋውቀው፣ ተዋደው፣ ልንጋባ ነው ሲሉን እኔና ዳንሴ ተቃቅፈን አለቀስን። እንግዲህ በወጉ ሽማግሌ ይላክ ብዬ ጋሽ ተፈራን ለመንኳቸው። ሰነበቱና ከበዓሉ ጥቂት ቀን ቀደም ብለው ስልክ ደወሉ። «እህት ታደለች፣ ቼክ አድርገናል» አሉኝ። «ልጅቷ ጨዋ ናት፣ ሥራም አላት። ግን እናትየው ከማዶዎቹ ናት። እኛ ሽማግሌ ሆነን እዚያ ቤት መግባት ይከብደናል። አንቺም ለልጅ ልጆችሽ አስቢ።»

እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ በቆዳዬ ቀለም እድገት ተከለከልኩ ብለው አሠሪያቸውን ፍርድ ቤት የገተሩት! ያኔ ጾመን ጸልየንላቸዋል፤ ሲረቱም ቆመን አጨብጭበናል። በራሳቸው ሲደርስ መድልዎ፣ በሰው ላይ ሲሆን ባህል። ለናትናኤል ስነግረው መጀመሪያ አልገባውም። «እማ፣ ሸክላ ስለሠሩ ነው? ሲሪየስሊ? እዚህ ሰው ከፍሎ ኮርስ ይወስድበታል እኮ!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን አቆመ።

ከአዳራሹ በወጣሁ ማግሥት፣ ሴት ለሽምግልና ሄዳ አታውቅም የሚለኝ ይበል ብዬ፣ ነጠላዬን ለብሼ ዳቦ ይዤ ክሮይደን ሄድኩ። ዳንሴ ስማ አስገባችኝ፤ ከአንድ ሳህን በላን። ልጅሽን ለልጄ ብዬ የመጣሁበትን ነገርኳት። አዳምጣኝ ስትጨርስ እጄን ያዘች።

«ታዱዬ፣ ናቲ ልጄ ነው። ግን ሩት እምቢ ብላለች፤ ለሱ ገና አልነገረችውም» አለችኝ። «እኔ ያንን ነገር ነግሬያት አላውቅም፤ ከኔ ጋር ይቀበር ብዬ ነበር። እዚህ ተወልዳ፣ ማንም ሳይጸየፋት፣ ቀና ብላ አደገችልኝ። በቀደም ከቸርች መጥታ ‹ማሚ፣ እኛ ምንድነን?› አለችኝ። ሽንት ቤት ውስጥ ሁለት ሴቶች ስለ እኛ ሲያወሩ ሰምታ። ምን ላድርግ፣ ቁጭ ብዬ ነገርኳት። አሁን ‹ልጆቼን ቼክ የሚያደርግ ዘመድ አልፈልግም› ትላለች። እኔም አላስገድዳትም።»

 ትራሙ ድረስ ሸኘችኝና «ለናቲ እናቷ ናት እምቢ ያለችው በዪው፤ እሷን እንዳይቀየማት» አለችኝ። ሌሎች ያጠፉትን ዛሬም በራሷ ላይ ልትሸከም!

እኔ ግን ለልጄ እውነቱን ነገርኩት፤ እምቢ ያለችው ሩት መሆኗን፣ ለምን እንደሆነም፣ ሽማግሌዎቹን በየስማቸው እየጠራሁ። ናትናኤል ከትንሽነቱ ጀምሮ ስለ ወረዳችን ጠይቆ የማይጠግብ ልጅ ነበር፤ ወንዙ ዓሣ አለው ወይ፣ ከተራራው ጫፍ ምን ይታያል፣ እያለ። ሩትን አግብቶ ይዟት ሊሄድና በእግራቸው ሊዞሩት አስበው ነበር።  ነግሬው ስጨርስ ሳይቆጣ፣ በለሆሳስ፣ «እማ፣ ከእንግዲህ ስለዚያ አገር አትንገሪኝ» አለኝ። ጭቃውን፣ ጭሱን፣ ሁለቱን ወንዞች፣ ዕድሜ ልኬን ይዤ የዞርኩትን ሁሉ የማወርሰው ሰው አጣሁ። «ተው ልጄ፣ አገርህ እኮ ነው» ልለው ፈለግሁ፤ ግን በምን አፌ?